ከፍርድ ቤት የአስተዳደር መረጃ በጽሑፍ ጠይቆ ያገኘ ሰው አለ? (ጎንደር)

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ጎበዝ። ጥያቄዬ በተለይ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ሰዎች ነው። የሕግ ሰው ከሆናችሁ ግን የትም ብትኖሩ መልሱልኝ።

እናቴ የውርስ ክርክር አለባት። ስለ ክርክሩ እዚህ አልጽፍም፣ ዳኛ የያዘው ጉዳይ ነው። የምጽፈው ስለ ቀጠሮው ነው። ቀጠሮው ሲደርስ በጠዋት ሄደን ኮሪደር ላይ እንቀመጣለን። ስማችን ይጠራል። ዳኛ ስላልተሟላ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል ይባላል። ከአርማጭሆ፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ የመጡ ገበሬዎችም አጠገባችን ሆነው ይህንኑ ይሰማሉ። ለመኪና፣ ለአልጋና ለምግብ ያወጡት ብር እንዲሁ ቀረ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ብር ይፈልጋሉ።

ኮሪደሩ ላይ ሁሉም የየራሱን ግምት ይናገራል። ዳኛ ጠፍቶ ነው የሚል አለ። ዳኛማ ሞልቷል፣ ስብሰባ በዝቶ ነው የሚል አለ። መዝገቡ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ነው የሚልም አለ። የትኛው ልክ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ ማወቅ ፈለግሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ቢሮ ገብቼ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ለፍርድ ቤቱ የተፈቀደው የዳኛ መደብ ስንት ነው፣ ስንቱስ ሰው አለበት? ባለፈው ዓመት ዳኛ ባለመሟላቱ ብቻ የተላለፈ ቀጠሮ ስንት ነው? በየችሎቱ ውሳኔ የሚጠብቅ መዝገብስ ስንት ነው?

መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥር ተጠየቅሁ። የማንንም መዝገብ ማየት እንደማልፈልግ አስረዳሁ። ቀጥሎ ለምን እንደፈለግሁት ተጠየቅሁ። በመጨረሻ ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጪ ተባልሁ። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ሠራተኞቹ በጨዋ ደንብ ነው ያናገሩኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ የማምነው ይህን ነው። የክርክር መዝገብ የባለጉዳዮቹ ይሁን። ፍርድ ቤቱ ቤቱን እንዴት እንደሚያስተዳድር ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው። ስንት ዳኛ አለው፣ በጀቱን ምን ላይ ያውላል፣ ስንት ቀጠሮ ያለ ሥራ ያልፋል የሚለውን የማወቅ መብት አለን። እስቲ ንገሩኝ፦ በየትኛው ሕግ ይጠየቃል? ደብዳቤው ለማን ይጻፋል? ጠይቆ ያገኘ ሰውስ አለ?

ምላሾቹ

ከጠበቅሁት በላይ ሰው ጻፈ። ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ። የመሰለኝንም በመሃል እጨምራለሁ።

1. አዘዞ የሚያስተምር መምህር ነው። ከሰላምታ ጋር ጥያቄውን ደገፈ። እሱም አባቱን ይዞ ኮሪደር ላይ ውሎ ያውቃል። እንዲህ ያለ መረጃ ጠይቆ ያገኘ ሰው ግን አጋጥሞት አያውቅም። ክሩን (ይህን የመድረክ ውይይት) እንደሚከታተል ጽፎ ወጣ።

2. አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያየው ባለጉዳዩና ጠበቃው ብቻ ስለሆነ በከንቱ እንዳልደክም መከረኝ።

3. በአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ የሆነች እህት ናት። ከላይ ያለውን በትህትና አረመች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ወረቀት እንዳለ አስረዳች። አንዱ የክርክር መዝገብ ነው፦ ክሱ፣ መልሱ፣ ማስረጃው፣ ትዕዛዙ፣ ውሳኔው። የዚህ ግልባጭ የሚጠየቀው በሬጅስትራር በኩል ነው፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ሌላው የአስተዳደር ሰነድ ነው፦ በጀት፣ ግዢ፣ ቅጥር፣ የሥራ መደብ፣ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት፣ ስታቲስቲክስ። የእኔ ጥያቄ ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃል።

ለዚህ የሚሠራው ሕግ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። አዋጁ የመንግሥት አካል ሲል አስፈጻሚውን ብቻ አይደለም። በፌዴራልም በክልልም፣ በየትኛውም እርከንና በየትኛውም የመንግሥት ክንፍ ያለውን ተቋም ይጨምራል። ፍርድ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። አንቀጽ 12 መረጃ የመጠየቅ፣ የማግኘትና የማስተላለፍ መብትን ለሁሉም ሰው ይሰጣል፣ ለባለጉዳይ ብቻ አይልም። እያንዳንዱ ተቋም ጥያቄ የሚቀበል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መመደብ አለበት። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የማይሰጡ መረጃዎችም አሉ፦ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ፣ የብሔራዊ ደህንነት ጉዳይ፣ የወንጀል ምርመራን የሚያሰናክል ነገርና የመሳሰሉት። የዳኛ መደብ ብዛት ከእነዚህ ከአንዱም ውስጥ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ምላሽ ነው። ቢሮ ውስጥ ለምን ፈለግሽው ስባል የምመልሰው ጠፍቶኝ ነበር። ሕጉ ሁሉም ሰው ካለ፣ እናቴ ክርክር ኖራትም አልኖራትም መብቱ የእኔ ነው።

4. ቆጣ ብሎ የመጣ ሰው ነው። 590 የሞተ አዋጅ መሆኑን፣ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1238 መተካቱን፣ ሳያጣሩ ሰው ማሳሳት ነውር መሆኑን ጻፈ።

5. ለ4ኛው የተሰጠ መልስ ነው። 1238/2013 የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ነው። መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው የ590 ክፍል እንዲቀጥል ተደርጓል። ምላሽ ሰጪው የአዲሱን አዋጅ የመጨረሻ አንቀጾች እንዲያነብ ጋበዘው።

6. 4ኛው ሰው ተመልሶ መጣ። አንብቦ እንዳረጋገጠ ጻፈ፣ ነገረ ፈጇንም ይቅርታ ጠየቀ። በየመድረኩ ስንት ስድብ እያየን እንዲህ ያለውን ሳልጽፈው ማለፍ አልፈለግሁም።

7. ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ረጅም ነው የጻፉት፣ እኔም ረዘም አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ያለውን ነገር በስሙ መጥራት ግማሽ መንገድ መሄድ እንደሆነ ነገሩን። ፍርድ ቤት በየወሩና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይሠራል። በሪፖርቱ ላይ ካለፈው ጊዜ የዞሩ መዝገቦች አሉ፣ አዲስ የተከፈቱ አሉ፣ እልባት ያገኙ አሉ፣ ወደሚቀጥለው የሚዞሩ አሉ። ከዚህ ላይ የማጥራት አቅም (ከተከፈቱት አንጻር ምን ያህሉ እልባት እንዳገኘ) እና የመጨናነቅ ምጣኔ (መዝገብ ምን ያህል እንደተከማቸ) ይሰላል። ረጅም ጊዜ የቆየው ውዝፍ ተብሎ ለብቻው ይያዛል። ስለዚህ በየችሎቱ የሚጠብቅ መዝገብ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቅ የሩብ ዓመቱ የመዛግብት አፈጻጸም ሪፖርት ቅጂ ይሰጠኝ ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሠራተኛውን ሥራ ያዘዙት ያስመስላል። ሁለተኛው ያለውን ወረቀት ኮፒ አድርግልኝ ነው።

ሌላም ጨመሩ። ደብዳቤው በእጅ ለአንድ ሠራተኛ ተሰጥቶ መቅረት የለበትም። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን። በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ማህተም ይደረግበት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ያለ ገቢ ቁጥር የቀረ ደብዳቤ ማንም አልደረሰኝም ሊል ይችላል። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ሆኖ የጠፋ ማመልከቻ ብዙ አይተዋል።

8. አንዲት ልጅ እኚህን አባት ጠየቀች። ዳኛ ባለመሟላቱ የተላለፈው ቀጠሮስ በሪፖርቱ ላይ ይቆጠራል ወይ?

9. አባት መለሱ። እሳቸው በሠሩበት ጊዜ ሪፖርቱ የቀጠሮ መለወጫ ምክንያትን ለብቻ አይቆጥርም ነበር። ምክንያቱ የሚጻፈው በየመዝገቡ ትዕዛዝ ላይና በችሎቱ የቀጠሮ መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ተሰብስቦ ካለ ይሰጠኝ፣ ከሌለ ደግሞ የቀጠሮ መዝገቡን ማየት ይፈቀድልኝ ተብሎ ይጻፍ። የተከራካሪዎቹ ስም ቢሸፈንም ችግር የለውም፣ የሚፈለገው ቀኑና ምክንያቱ ነው። የሌለ ሰነድ አዘጋጁ ማለት ለእምቢታ በር ይከፍታል።

10. አሁን ነገሩ ጠነከረ። ፍርድ ቤት እንደሚሠራ የጻፈ ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኞች ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ እንደሆኑ ይደነግጋል። ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ባለጉዳይ ሁሉ ቁጥር አምጡ እያለ ዳኛ ሊያስፈራራ እንደማይገባ ጻፈ። ሠራተኛው ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን፣ በተጨናነቀ ቢሮ ምን ያህል መዝገብ እንደሚገላበጥ የማያውቅ ሰው መናገር እንደሌለበት አከለ። ምሬቱ የእውነት ነው፣ ይሰማል።

11. የባሰ መጣ። ስሙን የደበቀ ሰው ዳኞችን በጅምላ በጉቦ ከሰሰ። አወያዮቹ አጥፍተውታል፣ እኔም እንዲጠፋ ጠይቄ ነበር። ማስረጃ የሌለው ክስ ለማንም አይጠቅም። ስንት መደብ ክፍት ነው ብዬ የምጠይቀውን እኔንም ከተሳዳቢ ጎራ ያስመድበኛል።

12. ለ10ኛው የጻፍሁት የራሴ ምላሽ ነው። አንቀጽ 79 የሚጠብቀው ፍርዱን ነው። ዳኛው በመዝገቡ ላይ የሚሰጠውን ውሳኔ ማንም እንዳይጠመዝዝበት ነው። ያው አንቀጽ ወረድ ብሎ ደግሞ የክልል የዳኝነት አካላት በጀት በየክልሉ ምክር ቤት እንደሚወሰን ይናገራል። በሕዝብ ተመራጮች ፊት የሚቀርብን በጀት ሕዝቡ ሲጠይቀው ማስፈራራት ሊባል አይችልም። መደቦች ክፍት ሆነው ከቆዩ፣ ያንን በቁጥር ማወቅ መጀመሪያ የሚጠቅመው የሦስት ሰው ሥራ ለተጫነበት ዳኛ ነው። ይህን ስጽፍ ከልቤ ነው። ኮሪደሩ ላይ ስንቀመጥ ዳኞቹም ሲሮጡ አያለሁ።

13. 10ኛው ሰው ተመለሰ፣ ድምፁም ረገብ አለ። ችሎት የማይሟላው መደብ ክፍት ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። ሦስት ዳኛ በሚሰየምበት ችሎት አንዱ በፈቃድ፣ በሥልጠና፣ በዝውውር ወይም በሕመም ሲጎድል ሁለቱ ቁጭ ብለው መዝገቡን ማየት አይችሉም። ተተኪ ዳኛ ከሌላ ችሎት ይለመናል፣ የዚያ ችሎት ቀጠሮ ደግሞ ይጓደላል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን በሥልጠናና በረጅም ፈቃድ ላይ ያሉትንም በቁጥር ብጠይቅ የተሻለ እንደሚሆን መከረኝ። ስም አትጥሪ፣ ቁጥር ጠይቂ ነው ምክሩ። በጣም ትክክል ነው። የአንድ ዳኛ ሕመም የግሉ ነው። የጎደለው ወንበር ግን የሁላችንም ነው።

14. እዚህ ላይ ክሩ ወደ ታሪክ ዞረ። አንድ አዛውንት በጎንደር ዘመን ፍርድ የሚሰጠው በጃን ተከል ዋርካ ሥር፣ አፄ ፋሲል ራሳቸው ተቀምጠው፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ እንደነበር ጻፉ። ዛሬ ግን የተዘጋ በር እንደበዛ አዘኑ።

15. በፋሲል ግቢ ጎብኚ የሚያስጎበኝ ወጣት አዛውንቱን አያ እያለ በአክብሮት አስተካከለ። ከግቢው ፊት ያለው አደባባይ አዋጅ የሚነገርበትና ቅጣት የሚፈጸምበት እንደነበር ይታወቃል። ፋሲል በዋርካው ሥር ችሎት ይቀመጡ ነበር ለማለት ግን እሱ የሚያውቀው ማስረጃ የለም። ይልቅ ግቢው ውስጥ የአፄ ዮሐንስ 1ኛ ጽሕፈት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አሉ። ንጉሡ የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 ነው። ጎንደር ወረቀት ማስቀመጥ ያኔም ታውቅ ነበር ለማለት ይህ ይበቃል።

ከ16 እስከ 18 ያሉት ከርዕሱ ወጥተዋል። አንዱ ፍርድ ቤት አካባቢ ጥሩ ማመልከቻ ጸሐፊ እንዲጠቁሙት ጠየቀ። ሌላው የፎቶ ኮፒ ዋጋ መናሩን አማረረ። ሦስተኛዋ ሕፃን ለያዙ እናቶች ኮሪደሩ ላይ መቀመጫ እንኳ እንደማይበቃ ጻፈች። የእሷ ነገር ከርዕስ የወጣ አይመስለኝም። የወንበር ግዢም የአስተዳደር መረጃ ነው።

19. ለ16ኛው ጠያቂ የተሰጠ መልስ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አቅም ለሌለው ሰው ማመልከቻ ይጻፍለታል፣ ምክርም ያገኛል።

20. ማራኪ አካባቢ የቢሮ ዕቃ የሚነግድ ሰው ገጠመኙን አጫወተን። የአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ተወዳድሮ ወደቀ። ዋጋው ዝቅተኛ ስለነበር ተንኮል አለ ብሎ ጠረጠረ። ሲጮህ ከመዋል ይልቅ የግምገማውን ውጤት በጽሑፍ ጠየቀ። 7ኛው አባት እንዳሉት ገቢ አስደርጎ ቅጂውን ያዘ። መልሱ ዘገየ እንጂ መጣ። የወደቀው ማያያዝ የነበረበት አንድ ሰነድ ስለጎደለ ነበር። በሚቀጥለው ጨረታ ያንን አሟልቶ ገባ። ወረቀቱ እጁ ባይገባ ኖሮ እስከ ዛሬ ሰዎቹን ሲያማ ይኖር እንደነበር ጻፈ።

ይህን ገጠመኝ ደጋግሜ አነበብሁት። ሁላችንም መረጃ ስንጠይቅ ሌባ የምንይዝ ይመስለናል። እኔም ሦስቱን ጥያቄ ስጠይቅ መልሱ የማንን ጥፋት እንደሚያሳይ አላውቅም። ምናልባት የማንንም ላያሳይ ይችላል። የሚታየው የበጀት እጥረት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ማወቅ አለብን። እናቴ ችሎት የማይሟላበትን ትክክለኛ ምክንያት ብታውቅ ቀጠሮው አይቀርብላትም፣ ማንን መጠየቅ እንዳለባት ግን ታውቃለች።

21. አሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖር የጎንደር ልጅ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ የመረጃ ነፃነት ሕግ ስላለ ማንኛውም ሰው ከማንኛውም ቢሮ፣ ከፍርድ ቤትም ጭምር፣ የፈለገውን እንደሚያገኝ ጻፈች። አገራችን እዚህ እስክትደርስ ገና ብዙ እንደሚቀራት አከለች።

22. ሲያትል የሚኖር ወንድም ይህን አረመ። የ1966ቱ የፌዴራል ሕግ ፍርድ ቤቶችን አይመለከትም፣ የሕጉ ትርጓሜ ለይቶ አስወጥቷቸዋል። እሱ በሚኖርበት በዋሽንግተን ግዛትም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የግዛቱ የሕዝብ ሰነዶች ሕግ በፍርድ ቤቶች ላይ እንደማይሠራ ወስኗል። ክፍተቱን የሞላው ፍርድ ቤቱ ራሱ ባወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን የፍርድ ቤት አስተዳደር ሰነድን ከክርክር መዝገብ ለይቶ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ደንብ ከ2010 ጀምሮ አላት። እዚያ ሰነዱ ይሰጥ ወይም አይሰጥ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ በ10 ቀን ውስጥ ለጠያቂው ማሳወቅ አለበት። በሁለቱም ግዛቶች ክፍፍሉ 3ኛዋ እህት ካስረዳችው ጋር አንድ ነው።

23. ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ጻፈ። ጎንደር ላይ ለተነሳ ጥያቄ ካሊፎርኒያን ማምጣት ለማን እንደሚጠቅም ጠየቀ። ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ አንድ ቀን ቢቀመጡ ወሬያቸውን እንደሚተውት ጨመረ።

24. የቨርጂኒያዋ ልጅ ተከፋች። እናቷ ዛሬም እዚያው ኮሪደር ላይ እንደምትቀመጥ መለሰች።

25. የአዘዞው መምህር ገባና ነገሩን አበረደ። ከሲያትሉ ጽሑፍ የሚወሰድ አንድ ትልቅ ነገር እንዳለ አሳየ። እዚያ ፍርድ ቤት ከአጠቃላይ ሕጉ ውጭ ሆኖ በራሱ ደንብ ነው የተከፈተው። የእኛው 590 ግን ከመጀመሪያው የዳኝነቱን ክንፍ አስገብቶ ነው የጻፈው። እኛን የጎደለን መጠየቁ ነው። መምህሩ ባይገባ ክሩ እዚያው ይፈርስ ነበር።

26. አንድ ሰው አቋራጭ ጠቆመ። ደብዳቤ መጻፍ ሳያስፈልግ ስለ ቀጠሮው መመላለስ በቀጥታ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል ነው ሐሳቡ።

27. 3ኛዋ እህት ተመልሳ ለየችው። በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክርን እንባ ጠባቂ አይመረምርም። የእናቴን ቀጠሮ ይዤ ብሄድ ሊመልሱኝ ይችላሉ። መረጃ መከልከል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ከከለከለ ወይም ቀኑ አልፎ ዝም ካለ መጀመሪያ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ አቤቱታ ይቀርባል። እሱም ካልፈታው ለእንባ ጠባቂ፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት ይኬዳል። ደረጃ መዝለል ጉዳዩን ያበላሻል። ማህተም ያለበት ቅጂ እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው።

28. ከደባርቅ የሚጽፍ ሰው ስጋቱን ነገረን። የተቋሙ ቅርንጫፍም የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ባሕር ዳር ነው ያለው። ከጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለእነሱ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። መንገዱም እንደ ድሮው ሰው ደስ ሲለው የሚሄድበት አይደለም።

29. ለደባርቁ ሰው መልስ መጣ። ደብዳቤ በፖስታ ቤት በአደራ ይላካል፣ የላኩበት ደረሰኝ እንደ ማስረጃ ይያዛል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ያልተመደበበት ትንሽ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይጻፍ። ግልባጭ ለበላይ ፍርድ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ማድረግም ይቻላል።

30. እስካሁን የተባለውን ይዤ ረቂቅ ደብዳቤ ለጠፍሁ። መግቢያው ላይ ስለ እናቴ፣ ስለ ገበሬዎቹና ስለ ኮሪደሩ ጽፌ ነበር።

31. ጡረተኛው አባት መግቢያው እንዲወጣ መከሩኝ። ታሪኩ እውነት ቢሆንም አንባቢውን ወደ ክርክሩ ይወስደዋል። ባለጉዳይ መሆኔ ከታወቀ ደብዳቤው ከእናቴ መዝገብ ጋር ይያያዝና እዚያ ውስጥ ይቀራል። ቢከብደኝም አወጣሁት።

32. የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ (10ኛው) ጊዜውን እንዳስተካክል ጠቆመኝ። ባለፈው ዓመት የሚለው ብቻውን አይበቃም። የቢሮ ሪፖርት የሚሠራው በበጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ቢጠየቅ ቁጥሩ ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ ሠራተኛው እንደዚህ ያለ መረጃ የለንም ቢል አይዋሽም። መጀመሪያ ላይ ሊያባርረኝ የነበረ ሰው በመጨረሻው ደብዳቤዬን አቃናልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

33. የተስተካከለው ደብዳቤ ይኸው። ማንም ሊወስደው ይችላል።

ለ... ፍርድ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል
ጉዳዩ፦ የአስተዳደር መረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 አንቀጽ 12 መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን የሚከተለውን መረጃ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።
ሀ) ለፍርድ ቤቱ የተፈቀደ የዳኛ መደብ ብዛት፣ ሰው ያለበት፣ ክፍት የሆነና ዳኛው በሥልጠና ወይም በረጅም ፈቃድ ላይ ያለበት፣ በቁጥር ብቻ፤
ለ) የአራቱም ሩብ ዓመት የመዛግብት አፈጻጸም ሪፖርት፣ በየችሎቱ፤
ሐ) ችሎት ባለመሟላቱ የተላለፈ ቀጠሮ ብዛት ተጠናቅሮ ካለ ቅጂው፣ ከሌለ የችሎት ቀጠሮ መዝገብን የተከራካሪዎች ስም ተሸፍኖ የማየት ፈቃድ።
የኮፒ ወጪ ካለ እከፍላለሁ። ከተጠየቀው ውስጥ የማይሰጥ ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ፣ የቀረው ይሰጠኝ።
ከሰላምታ ጋር

34. የደባርቁ ሰው ደብዳቤውን ለራሱ ከተማ ፍርድ ቤት ሊያስገባው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ብናስገባና መልሶቹን ብናስተያይ? ተስማማሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ገቢ ይሆናል። የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን እዚሁ እጽፋለሁ፣ 30ውን ቀን ከእኔ ጋር ቁጠሩ። ሌላ ከተማ ላይ የምታስገቡም ቁጥራችሁን ከሥር አስቀምጡ።